ክብርት ጡት አስጣያችን

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሌለው ግቢ አለ፤ መብራት የሌለው ግቢም አለ። እትዬ ጀማነሽ የሌሉበት ግቢ ግን የለም። ስማቸው እንደየሰፈሩ ይለያይ ይሆናል፤ ሴትየዋ ግን አንድ ናቸው። ልጃችሁ ለምን እንደሚያስል ከእናንተ በፊት ያውቃሉ። ወጣችሁ ያረረበትን ምክንያት ገና ከሽታው ይናገራሉ። የቤት ሠራተኛችሁ መቼ ጥላችሁ እንደምትሄድ ቀኑን ቆርጠው ይነግሯችኋል፤ በተባለውም ቀን ትሄዳለች። "ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው" የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው እትዬ ጀማነሽን አላገኛቸውም እንጂ፣ አግኝቷቸው ቢሆን ኖሮ ቡዳን በከንቱ ባልኮነነ ነበር።

የእኛ ግቢ እትዬ ጀማነሽ የሚኖሩት ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ስድስት አባወራ ተጠጋግቶ ባለበት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ከእኔ ቤት የሚለያቸው አንድ ስስ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሳስነጥስ ከአልጋቸው ሳይነሱ "ይማርህ" ይሉኛል፤ ካላመሰገንኩ ደግሞ ግድግዳውን ይደበድቡታል። ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ ወጥተዋል። ዋና ሙያቸው ግን ሌላ ነው። ጡት ያስጣላሉ።

እንደ ቀልድ እንዳትወስዱብኝ። ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ፣ ሁለት ዓመት አልፎት ጡት አልተው ያለ ልጅ ካለ እናቱ ወደ እሳቸው ትልካለች። ክብርት እትዬ ጀማነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ይሄዳሉ፤ ተከሳሹን አገላብጠው ያዩታል፤ ከዚያም ብይን ይሰጣሉ። እልኸኛ ከሆነ እሬት። እሬት ካልበገረው በርበሬ። አልቃሻ ከሆነ ሦስት ቀን አያቱ ቤት። እናትየው "እስቲ ዛሬን ብቻ" ካለች ቆጣ ይሉና "ጨክኚ፣ ለቅሶው ሦስት ቀን ነው" ይሏታል። ሊከራከር የቃጣ ሰው ካለ ደግሞ አንዲት ቃል አለቻቸው፦ "ምን ያነጋግራል?" ከዚህች ቃል በኋላ የተነጋገረ ሰው አላየሁም።

ያስጣሉትን ሁሉ አይረሱም። አንድ ቀን ሜክሲኮ ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዘን ቆመናል። ከፊታችን ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ የቆዳ ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ ጠጉሩ ሸበት ያለ ሰው አለ፤ የባንክ ሥራ አስኪያጅ መሆኑን በኋላ ሰማሁ። እትዬ ጀማነሽ ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ "ታዲዎስ አይደለህም? አንተን እኮ በእሬት አልተቻለም ነበር፤ በበርበሬ ነው የገላገልናት እናትህን" አሉት። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመና ተራውን ለቀቀላቸው። እኔም በእሳቸው ስም ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

እኔ ላጤ ነኝ። ልጅ የለኝም፤ ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ከእሳቸው ሥልጣን ውጭ ነበርኩ። ጉሮሯችን እስኪደርቅ የምንጨቃጨቀው በጥቃቅኑ ነገር፣ በቆሻሻ ተራና በልብስ ማስጫ ገመድ ብቻ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ግን ዳልቺት መጣች።

ዳልቺት ድመት ናት። ቀለሟ ዳልቻ ስለሆነ ነው ስሟ። በክረምት ዝናብ አባርሯት ገብታ እኔ ቤት ቀረች፤ እኔም አላባረርኳትም። ማታ ስገባ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀኝ ፍጥረት በሕይወቴ እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ይህን ስጽፍ አላፍርም። በዓመቱ፣ ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከአልጋዬ ሥር ባለው የጋዜጣ ካርቶን ውስጥ ሦስት ልጆች ወለደች። ግድግዳው ስስ ነው ብያችኋለሁ። ግልገሎቹ ሲጮኹ ክብርት እትዬ ጀማነሽ ሰሙ።

ሳያንኳኩ ገቡ። ካርቶኑን አዩና፣ "አራስ አራስ ናት፤ በሁለት እግር ትሂድ በአራት" አሉ። የእኔ ቤት ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ የአራስ ቤት ሆነ።

መጀመሪያ ገንፎ መጣ። በቅቤ። "ጾም አይደለም እንዴ?" ብላቸው፣ "አራስ አትጾምም፤ ምን ያነጋግራል?" አሉኝ። ዳልቺት መሃሉ ላይ ያለውን ቅቤ ልሳ ገንፎውን ተወችው። እኔም ጾመኛ ነበርኩና አየሁት እንጂ አልቀመስኩትም። ቀጥሎ ብረት ታዘዘ፤ አራስ ያለ ብረት አትቀመጥም። ሌላ ብረት ስላልነበረኝ የጥፍር መቁረጫዬ ካርቶኑ ራስጌ ተቀመጠ፤ ጥፍሬ አርባ ቀን አደገ። ከሁሉ የባሰው ግን የፀሐዩ ነገር ነበር። ከውጭ የመጣ ሰው ፀሐይ ይዞ በቀጥታ አራስ ላይ አይገባም። ስለዚህ ከቢሮ ስመለስ የገዛ ቤቴ ደጃፍ ላይ በርጩማ አስቀምጠው፣ ፀሐዩ ከላዬ እስኪወርድ ሩብ ሰዓት ያስቀምጡኛል። ዝናብ በጣለ ቀንም ቢሆን ያስቀምጡኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ስለ ማስጣሉ ነገር ተነሳ። እኔ በበኩሌ ዶክተር ዮአብ የሚባል አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም በስልክ ጠይቄ ነበር። ግልገሎቹ ሁለት ወር ይሙላቸው፤ ሲሰጡም አንድ በአንድ፣ በየሳምንቱ ልዩነት ይሰጡ፤ የእናትየው ወተት ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ነው ብሎኛል። ይህንኑ ለእትዬ ጀማነሽ በትሕትና አቀረብኩ።

"ዶክተሩ ስንት ወልዷል?" አሉኝ።

"እትዬ ጀማነሽ፣ ዶክተሩ እኮ ወንድ ነው። ያውም ላጤ።"

"እኮ። ምን ያነጋግራል?"

ከዚያ ሕጉን አወጁ። ሕጉ የታወቀ ነው፤ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ። "ክርስትናስ የሚነሱት በስንት ነው? እግዜር የቆጠረውን ቀን እኛ ልናርም ነው?" አሉ። ግልገሎቹን አንድ በአንድ ማጅራታቸውን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አነሷቸውና፣ መዝገብ ቤት ማኅተም እንደሚመቱ ሁሉ፣ "ወንድ። ወንድ። ይሄም ወንድ" ብለው ወደ ካርቶኑ መለሷቸው። ሦስቱም በአርባ ቀናቸው እንዲሄዱ ተወሰነ።

በሠላሳ አምስተኛው ቀን በሻይ ብርጭቆ እሬት በጥብጠው፣ ጥጥ ይዘው መጡ። የድመት ጡት ስምንት ነው። ስምንቱንም ተራ በተራ ቀቡ፤ እኔ እግሯን ያዝኩ። ድመት ገላዋን በምላሷ የምታጥብ ፍጥረት መሆኗን ሁለታችንም ረስተናል። ዳልቺት ከእጃችን እንደወጣች አንዴ ራሷን ላሰች፤ ከዚያ አፏ አረፋ ደፍቆ ግቢውን ትዞረው ጀመር። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ወርቄ መጥረጊያ ይዛ በርጩማ ላይ ወጣችና "አብዳለች፣ በሽታው ይዟታል፣ ልጆቹን አስገቡ" እያለች ግቢውን ቀወጠችው። እትዬ ጀማነሽ ግን ፍንክች አላሉም። "እሬቱን የቀባሁት ለልጆቹ ነው፤ እሷን ምን አስላሳት?" አሉ። ጥፋተኛዋ ዳልቺት ሆነችና ጉዳዩ ተዘጋ።

አርባኛው ቀን ቅዳሜ ላይ ዋለ። አንደኛው ግልገል ለሔለን ተሰጠ፤ ሔለን ድሮ የግቢያችን ልጅ ናት፣ አሁን ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ሁለተኛውን ወርቄ ደብረ ብርሃን ላለው ወንድሟ ይዛ ሄደች። ሦስተኛው ሜክሲኮ አጠገብ እህል ቤት ላላቸው ለአቶ ነጋሲ ደረሰ፤ አይጥ ጤፋቸውን እየፈጀባቸው ነበር። እያንዳንዱ ግልገል መንገዱን አይቶ እንዳይመለስ ፊቱ ተሸፍኖ በዘንቢል ወጣ። እትዬ ጀማነሽ ለእያንዳንዱ ተቀባይ ምክር ሰጡ፤ ለአቶ ነጋሲ የሰጡት በተለይ ረዘም ያለ ነበር። "ቢያለቅስ እንዳትመልሰው። አንዴ ጡት የጣለ ከተመለሰ፣ እድሜ ልኩን ሌባ ነው የሚሆነው" ሲሏቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሦስቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ ሄዱ።

ዳልቺት ካርቶኑን ገብታ አየች። ከአልጋው ሥር፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ከጫማዎቼ መሃል ፈለገች። ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ ትጣራለች፤ ትንሽ ቆም ብላ መልስ ታዳምጣለች፤ ደግማ ትጣራለች። ግድግዳው ተደበደበና "ጨክን። ሦስት ቀን ነው" የሚል ድምፅ መጣ።

በሦስተኛው ቀን እውነትም ዝም አለች። ምግቧን ግን አልነካችም። ማክሰኞ ጠዋት ከውሃው በርሜል ኋላ ተጋድማ አገኘኋት። ሆዷን ብነካው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ይግላል። እኔን ነክሳኝ የማታውቅ ድመት ነከሰችኝ። እትዬ ጀማነሽን ጠራኋቸው። ተንበርክከው ቀስ ብለው ዳሰሷት። ተነሱና ዘንቢሉን አመጡ፤ ቢሮዬን አስፈቅጄ ሁለታችን ወደ ዶክተር ዮአብ ወሰድናት።

"ሦስቱንም በአንድ ቀን ነው የወሰዳችሁባት?" አለ ዶክተሩ።

እኔ ጣሪያውን አየሁ። እትዬ ጀማነሽ እጃቸውን አዩ።

ዶክተሩ መርፌ ወጋትና ነገሩን አስረዳን። ወተቱ ጡቷ ውስጥ ተቋጥሯል፤ ኢንፌክሽን ጀምሯታል። ገና መግል አልቋጠረም፤ ከቋጠረ ግን በዚህ አቅሟ አትተርፍም። መድኃኒቱን በሰዓቱ፣ ሙቅ ጨርቅ በቀን አራት ጊዜ፤ ከሁሉ በላይ ግን ከልጆቿ አንዱ ዛሬውኑ ተመልሶ ይጥባት፣ ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ ይለያት አለን። ስንወጣ እትዬ ጀማነሽ ዘንቢሉን ወደ ደረታቸው አስጠግተው፣ "የሰው እናት ሲያማት በእጇ ታልበዋለች። ይቺ ምን እጅ አላት" አሉ። ለእኔ አልነበረም የነገሩት፤ ለዘንቢሉ ነው።

ደብረ ብርሃን ሩቅ ነው። ሔለን ለመስክ ሥራ ወጥታለች፤ ስልኳ አይሠራም። የቀሩት አቶ ነጋሲ ናቸው። ዳልቺትን ቤት አስተኝተን፣ ባዶውን ዘንቢል ይዘን፣ ወደ ሜክሲኮ በእግራችን ገሰገስን።

አቶ ነጋሲ ጤፍ እየሰፈሩ ነበር። ግልገሉ ጆንያ ላይ ተኝቷል። ጨዋ፣ ጾም የማይሽሩ፣ ቃላቸውን የሚጠብቁ የአክሱም ሰው ናቸው፤ አራቱም ልጆቻቸው ጡት የጣሉት በእትዬ ጀማነሽ እጅ ነው። ችግሩም እሱ ነበር።

"ነጋሲ፣ ይሄን ግልገል ለሁለት ሳምንት አውሰኝ" አሏቸው እትዬ ጀማነሽ።

"ለምን እትዬ?"

"እናትየዋ አልበላ ብላ ታማብኛለች።"

አቶ ነጋሲ ፈገግ አሉ። "ሦስት ቀን ነው እትዬ፤ ይጨክኑ። እኔን ስንቴ ጨክን ብለውኛል? የመጨረሻዋ ልጄ ስታለቅስ ሚስቴ እግርዎ ላይ ወድቃ 'ዛሬን ብቻ' ብላ ለምናዎት የለ? እሺ አሉ? አላሉም። ልክ ነበሩ።"

"ዶክተሩ እኮ…" ብዬ ጀመርኩ።

"ዶክተሩ ስንት ወልዷል?" አሉኝ አቶ ነጋሲ።

እትዬ ጀማነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ነጋሲ፣ ስማኝማ…"

"አንዴ የጣለ ከተመለሰ ሌባ ይሆናል ያሉኝ እርስዎ ነዎት እትዬ። እኔ ደግሞ እህል ቤት ነው ያለኝ፤ ሌባ አልፈልግም። ወንድ ነው፣ አርባው ሞልቷል። ሕግ ሕግ ነው። ማለቴ፣ በእርስዎ ሕግ ነው የምናገረው።"

በራሳቸው ሕግ ተከርችመው ቆሙ። ሁለት ጤፍ ገዢዎችና አንድ ተሸካሚ ያዩናል። እኔ ክብርት እትዬ ጀማነሽን ለአሥራ አንድ ዓመት አውቃቸዋለሁ። የቀበሌውን ሊቀ መንበር ሲረቱ አይቻለሁ፤ የመብራት ቆጣሪ አንባቢውን አስለቅሰው ሲሸኙ አይቻለሁ። ጥፋት ኖሯቸው እንኳ "ካፈርኩ አይመልሰኝ" ብለው ጥፋታቸውን የማያምኑ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወደ ግልገሉ ሄደው ብድግ አደረጉትና፣ ሱቁ ውስጥ ያለ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ "ተሳስቼ ነበር" አሉ። "ሴት ናት። ሰማንያ ቀኗ አልሞላም።"

አቶ ነጋሲ መስፈሪያውን አስቀመጡ። ሁለት ሴት ልጆቻቸውን በሰማንያ ቀን ክርስትና ያስነሱ ሰው ናቸው። "ሴት ከሆነችማ…" አሉ ቀስ ብለው፤ "ሴት ከሆነችማ በደል ነው። ይውሰዷት።"

ዳልቺት መዳኗን አሁኑኑ ልንገራችሁና ልባችሁ ይረፍ። ግልገሉን አስጠጋንላት፤ መጀመሪያ ሰው ሰው ሸትቷት አኮረፈች፤ ከዚያ ከራስ እስከ ጅራቱ ላሰችው፤ ከዚያ ጠባ። እትዬ ጀማነሽ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ጨርቁን በሙቅ ውሃ እየነከሩ ይይዙላት ነበር። በበነጋታው ከሾርባው ቀመሰች። ከዚያ በኋላ የዶክተሩን ትእዛዝ የሚያስፈጽሙት እሳቸው ሆኑ፤ ሰዓታቸውን አውልቀው ካርቶኑ ላይ ያስቀምጡና ዛሬ አራት ጊዜ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት እያሉ፣ ሲያበቃ ግልገሉን አንስተው ወደ ራሳቸው ቤት ይወስዱታል። ማንም ሳያለቅስ ወተቱ ደረቀ። ሰማንያው ሲሞላ አቶ ነጋሲ መጥተው ተረከቡ። ዛሬ የእህል ቤቱ ድመት አንገተ ወፍራም ጎረምሳ ነው፤ ፊቱ በጠብ የተቦጫጨረ ነው፤ አቶ ነጋሲ ግን እስካሁን "እሷ" ነው የሚሉት።

እትዬ ጀማነሽን እንደምወዳቸው ያወቅሁት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ያን ማክሰኞ ከእህል ቤቱ ስንመለስ ነው፤ ቦታውንም ማሳየት እችላለሁ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ እኔን ቀድመው ሲሄዱ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ሊደረስባቸው አልተቻለም። ዘንቢሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ልሸፍነው ብዬ ጨርቁን ሳነሳ ግልገሉ በጀርባው ተንጋሎ፣ አራት እግሩን ከፍቶ ተኝቷል። እንኳን እሳቸው፣ እኔ እንኳ አልሳሳትም።

"እትዬ ጀማነሽ" አልኳቸው፤ "ይሄ እኮ ወንድ ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ ሳይዞሩ።

"ታዲያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምን…"

ቆሙ። ተመልሰው ዘንቢሉን ከእጄ ተቀበሉኝና ግልገሉን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት።

"እናቱ እስክትድን ሴት ነው" አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።